የድሮ ሳጥንና ዱካ ስትጠግኑ ጭሱን እንዳትፍቁት

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት አመት በፊት የአያቴን የአባባን ዱካ፣ የእንጨት በርጩማውን ማለቴ ነው፣ ደሴ ውስጥ አንድ እንጨት ቤት ወሰድኩና "አድሱልኝ" አልኳቸው። ቃሉ ራሱ ነው ያስበላኝ። ማደስ ማለት አዲስ ማድረግ ነዋ፣ እነሱም ያልኳቸውን አደረጉ፣ በማሽን ፍቀው፣ ስቱኮ ሞልተው፣ ሶስት እጅ ቫርኒሽ ደራርበው እንደ ተላሰ ከረሜላ የሚያብለጨልጭ ነገር አስረከቡኝ። ደስ ብሎኝ ይዤ ስገባ እናቴ ቡና እየቆላች ነበር፣ ቀና ብላ አየችውና "ይሄ ደሞ የማን ነው?" አለች።

"የአባባ ነዋ!"

መቁያውን አስቀምጣ እጇን መቀመጫው ላይ አሳለፈች። "የአባባማ እዚች ጋ ፍም ወድቆበት ተቃጥሎ ነበር" አለች፣ ከዛ ወደ ቡናዋ ተመለሰች፣ ሌላ ምንም አላለችም። የተቃጠለችው ቦታ የለችም፣ አባባ ቢላውን ስሎ የሚሞክርባቸው ጭረቶችም የሉም፣ መሀሉ ላይ በስንት አመት መቀመጥ የተጎደጎደው ነገር እንኳን በስቱኮ ተሞልቶ ሜዳ ሆኗል። ዱካው አሁንም አለ፣ ማንም አይቀመጥበትም።

ስለዚህ ከውጫሌ በላይ ካለው የእናቴ አገር የሴት አያቴ የዋንዛ ሳጥን ሲመጣ ለማንም አልሰጥም ብዬ ራሴ ያዝኩት። እድሜ ልኩን እንጨት ሲጠርብ የኖረ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አለን፣ አያ ነው የምንለው፣ እሱን እየጠየቅኩ፣ እያበላሸሁም፣ ስድስት ወር አካባቢ ፈጀብኝ። እዚህ የምጽፈው ያንን ነው። ለዱካም ለረከቦትም ለቁምሳጥንም ይሰራል፣ ልዩነት ያለበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ምንም አትንኩ

ዕቃው ቤት በገባ በነጋታው ውሀና ሳሙና ይዞ መነሳት አለ አይደል፣ እሱን ተዉት። በስልካችሁ ከሁሉም በኩል ፎቶ አንሱት፣ ስሩንም ውስጡንም ምስማሩንም። ከዛ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ባትሪ በጎን አብሩበት፣ ቀን የማይታየው ሁሉ ይወጣል፣ እኔ ሳጥን ላይ የመጥረቢያው ምት አንድ ባንድ ታየኝ፣ ሰውየው ከግራ ወደ ቀኝ እየጠረበ እንደሄደ ሁሉ ያስታውቃል። ክዳኑ ላይ ደሞ የጀበና ቂጥ የመሰለ ክብ ጥቁር ምልክት ነበረ። ይሄ ቆሻሻ ነው ወይስ ታሪክ ነው የሚለውን አሁን ነው የምትወስኑት፣ ብርጭቆ ወረቀት እጃችሁ ከገባ በኋላ አይሆንም።

የእኔ መለያ ቀላል ነው። ሰው ተጠቅሞበት የመጣ ምልክት (ጭስ፣ መጎድጎድ፣ ጭረት፣ የተቃጠለ ቦታ) ይቀመጣል። በቸልታ የመጣው (አቧራ፣ የሻማ ጠብታ፣ የወፍ ኩስ፣ በቅርቡ የፈሰሰ ቀለም) ይነሳል።

እንጨቱን ለዩት። ዋንዛ ቀለል ያለ ነው፣ ቡናማ ሆኖ አንዳንዱ ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ ለመስራት የዋህ ነው። ወይራ ከባድና ድንጋይ ነው። ጽድ ትንሽ ስትፍቁት ይሸታል። የጠቆረ ከሆነ ከስሩ ወይ ከክዳኑ ውስጥ ለውስጥ እዩ፣ ጭስ ያልደረሰበት ቦታ ላይ እውነተኛ መልኩ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደሞ፣ የቤተክርስቲያን ወይ የመስጊድ ዕቃ ከሆነ፣ ወይ የድሮ ባላባት ቤት ነገር ሆኖ ቅርስ ይሆናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በራሳችሁ አትጀምሩት፣ የወረዳችሁን ባህልና ቱሪዝም ጠይቁ። እኔ የማወራው ስለ ቤት ዕቃ ነው።

ነቀዝ አለ ወይስ የለም

ቀዳዳ ስላያችሁ ብቻ አትደንግጡ፣ ከሰላሳ አመት በፊት በልቶ የሄደ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ከስሩ ጥቁር ላስቲክ ወይ ወረቀት አንጥፉለትና ሁለት ሶስት ሳምንት ሳትነኩት ተዉት። እንደ ዱቄት ያለ ነጣ ያለ ብናኝ አዲስ ከወረደ ነቀዙ በህይወት አለ ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ሚሊ ናቸው፣ አዲስ ከሆኑ ጠርዛቸው ስለታምና ውስጣቸው ነጣ ያለ፣ አሮጌ ከሆኑ የጠቆሩ ናቸው።

አገር ቤት ላምባ ያፈሱበታል። እኔም አንድ ረከቦት ላይ ሞክሬዋለሁ፣ አትሞክሩት፣ ሽታው ወራት ይቆያል፣ እንጨቱ ይወይባል፣ እሳትም ይወዳል፣ ረከቦት ደሞ ከሰል አጠገብ የሚቀመጥ ዕቃ ነው፣ አስቡት። ለትንሽ ዕቃ የተሻለው ዲፕ ፍሪዘር ነው፣ ሙዚየሞችም በብርድ ይገድሉታል። ዱካውን በወፍራም ላስቲክ ጥቅልል አድርጋችሁ አየሩን አስወጥታችሁ በፕላስተር አሽጉና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይ ከዛ በታች በሚወርድ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት፣ ካወጣችሁ በኋላ ላስቲኩን ቶሎ እንዳትፈቱት፣ አንድ ቀን ሙሉ ተዉት፣ አለበለዚያ ጤዛ እንጨቱ ላይ ይቀመጣል። ስጋ የሚሸጥ ወዳጅ ካላችሁ ለምኑት፣ እኔ ለምኜ ሳቁብኝ ግን ፈቀዱልኝ። ሳጥን የሚያህል ዕቃ ፍሪዘር ስለማይገባ የግድ መድሀኒት ነው፣ የእንጨት ተባይ ማጥፊያ የሚባለውን ገዝታችሁ ደጅ ላይ፣ ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ፣ በመርፌ ቀዳዳ ለቀዳዳ።

ምስጥ ሌላ ነገር ነው። ምስጥ ከመሬት ነው የሚመጣው፣ ዕቃውን ከአፈር ወለል አንስታችሁ ድንጋይ ላይ ካስቀመጣችሁት መንገዱ ይከብደዋል፣ ግን ድንጋዩ ላይ የጭቃ መንገድ ሰርቶ ሊወጣ ስለሚችል ስሩን አልፎ አልፎ እዩት።

ማጽዳት፣ ግን እስከየት

በደረቅ ጀምሩ። ለስላሳ ብሩሽ፣ የቀለም ብሩሽ ይሆናል፣ አቧራውን ከጥግ ከጥግ አውጡት። ብዙው ስራ እዚህ ያልቃል፣ ሰው ግን አያምንም።

ከዛ አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሀ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ ጨርቁ በደንብ ይጨመቅ፣ እጃችሁን የሚያረጥብ እንጂ የሚያንጠባጥብ መሆን የለበትም። መጀመሪያ ስሩ ላይ ወይ ጀርባው ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ ሞክሩ። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከመጣ አቧራና ቅባት ነው፣ ቀጥሉ። ቡናማ ወይ ጥቁር ሆኖ እንጨቱ ከነጣ ጭሱን እየፈቃችሁ ነው፣ እዛው አቁሙ። የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ በረኪና፣ ሶዳ አይነካም፣ የእንጨቱን መልክ ያበላሹታል።

ያ ጥቁር ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ጥሩ ነው። ምድጃው ከቤት መሀል በነበረበት ዘመን ጭሱ፣ የቅቤው ጢስ፣ የእጅ ቅባቱ፣ የዕጣኑ ሁሉ በአመታት እንጨቱ ላይ ተጋግሮ የተሰራ ቆዳ ነው። በገንዘብ አይገዛም፣ ማንም አናጢ መልሶ ሊሰራው አይችልም። እኔ ሳጥኑን የከፈትኩ ቀን የወጣው ሽታ እናቴን ወንበር አስፈልጓታል።

ለትንንሽ ግትር ቆሻሻ የምነግራችሁ ነገር ያስቃል ግን እውነት ነው፣ ምራቅ። ጥጥ እንጨት ላይ ጠምጥሞ በምራቅ አርጥቦ ቀስ ብሎ ማሸት፣ የስዕልና የቅርስ ጠጋኞች በሙያቸው የሚጠቀሙበት ነው፣ ውስጡ ቆሻሻን የሚፈታ ኢንዛይም ስላለው። አያቴ ስትመርቀኝ እንትፍ እንትፍ ትለኝ ነበር፣ እኔም ሳጥኗን በዛው መለስኩላት። የሻማ ጠብታ ከሆነ በረዶ አስነክታችሁ ሲደርቅ በጥፍር ወይ በፕላስቲክ ካርድ አንሱት፣ ቢላ አትጠቀሙ።

ቀለም ተቀብቶ ከሆነስ? የድሮ ዘይት ቀለም ውስጡ እርሳስ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈጩት፣ ብናኙ ለልጆች መርዝ ነው። ቀለሙ አብሮት ያረጀ ከሆነ ደሞ ባትነኩት ይሻላል፣ እሱም መልኩ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ አንዳንድ ቤት የጣሊያን ጊዜ ቡፌ ወይ ኮመዲኖ ይገኛል። እሱ ላይ ያለው የሚያብለጨልጭ ቅብ ጎማላካ (በስፒርቶ የሚሟሟ የድሮ ቅብ) ሊሆን ይችላል። ለመለየት ጥጥ ስፒርቶ ነክራችሁ የማይታይ ቦታ ላይ አስነኩት፣ ከተጣበቀና ከለሰለሰ ጎማላካ ነው፣ ይሄ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም አዲስ ጎማላካ ከአሮጌው ጋር ይቀላቀላል፣ መፋቅ ሳያስፈልግ የደከመውን ቦታ ብቻ መደረብ ይቻላል። በቲነር ብቻ ከተፈታ ላኬር ነው። በሁለቱም ካልሆነ ቫርኒሽ ነው፣ በሰም ብቻ አንጹት።

የላላውን ማጥበቅ

አብዛኛው የገጠር ሳጥን ውስጥ ኮላ የለም። አንዱ እንጨት ጫፉ ተጠርቦ ሌላው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በእንጨት ችንካር ነው የተያዘው። ስለዚህ ሲወዛወዝ ኮላ ማፍሰስ ስህተት ነው፣ አያ እንዳለኝ "የሞተው ችንካሩ ነው፣ እንጨቱን ምን አደረገህ?" ችንካሩን ከቀጭኑ ጫፍ በኩል በትንሽ የብረት ዘንግ መታ መታ አድርጋችሁ አውጡትና በደረቀ ወይራ አዲስ ጥረቡ፣ ትንሽ ወደ ጫፉ ሾጠጥ ይበል፣ በመዶሻ ሲገባ ድምጹ ከ"ጥብ" ወደ "ጢን" ሲለወጥ አቁሙ፣ አንድ ምት ካበዛችሁ ይሰነጠቃል። እኔ ሰንጥቄያለሁ።

የተሰበረና መጣበቅ ያለበት ካለ ነጭ ኮላ ከደረቀ አይፈታም፣ ነገ ሌላ ሰው መጠገን ቢፈልግ እንጨቱን መስበር ይሆንበታል። የቆዳ ሙጫ ግን በሙቅ ውሀ ይፈታል። እሱን ካጣችሁ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ያልጣፈጠ ጄላቲን ከዛው ዘር ነው፣ አንድ እጅ ጄላቲን በሁለት እጅ ቀዝቃዛ ውሀ ዘፍዝፋችሁ ሲያብጥ ድስት በድስት ውስጥ አድርጋችሁ 60 ዲግሪ አካባቢ አሙቁት፣ ጣት የማያስቀምጥ ግን የማይፈላ፣ ከፈላ ጉልበቱ ይሞታል። በሙቁ ቀብታችሁ ቶሎ ማሰር ነው። ሞርሳ ከሌላችሁ ገመድ ዙሪያውን ሁለቴ አስራችሁ መሀሉ ላይ እንጨት አስገብታችሁ ጠምዝዙ፣ ከጠርዙ ስር ጨርቅ አድርጉ ገመዱ እንዳይቆርጠው። 24 ሰአት አትንኩት።

የዛገ ምስማር በጉጠት ስትነቅሉ ከስሩ ቀጭን ጣውላ አድርጉ፣ አለበለዚያ ጉጠቱ ራሱ እንጨቱን ይጨፈልቃል። ጠንካራውን ምስማር መልሳችሁ ተጠቀሙበት። በዙሪያው ያለው ጥቁር ቀለበት ብረቱ እንጨቱን ያጠቆረው ነው፣ ተዉት። ማጠፊያውንና ቁልፉን በደቃቅ ሽቦና በዘይት ዝገቱን ብቻ አንሱ፣ ብር እስኪመስል አትፈትጉት። በድሪል የሚገባ አዲስ ብሎን ሳጥኑ ላይ ማየት ለእኔ ቀሚስ ለብሶ ቡት ጫማ ማድረግ ነው።

የጎደለውን መሙላት

የሳጥኑ ሁለት እግር በምስጥ ተበልቶ ነበር፣ ስትነኩት እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። የበሰበሰውን ብቻ፣ ጤነኛው እስኪጀምር ድረስ በሰያፍ ቆረጥኩ፣ ሰያፉ በረዘመ ቁጥር የሚጣበቀው ቦታ ይሰፋል፣ የውፍረቱን አራት እጥፍ ብታደርጉት ይበቃል። ከዛ የእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ተመሳሳይ የሆነ ዋንዛ ቀጠልኩበት።

ዋንዛ ከየት? አዲስ ፍለጋ ጫካ አትሂዱ፣ እንደ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሀበሻ ጽድ ያሉ ዛፎችን ከመንግስት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው። ደሞም አዲስ እንጨት ገና እርጥብ ነው፣ ይሸማቀቃል። የፈረሰ ቤት በር፣ የተሰበረ ረከቦት፣ የአሮጌ አልጋ ቋሚ ፈልጉ። እኔ ሰኞ ገበያ ዞሬ አንድ የተሰበረ የዋንዛ ገበታ በርካሽ አገኘሁ።

አዲሱ ቁራጭ ነጭ ሆኖ ያስጠላል። ወፍራም ሻይ ሁለት ሶስት ጊዜ ቀባሁት፣ አልበቃም። እናቴ "ወይባ አስገባዋ" ብላ ቀለደችብኝ፣ እኔ ግን የምሬን ቁራጮቹን ከመግጠሜ በፊት ማዕድ ቤት ከምድጃው በላይ አንጠለጠልኳቸው፣ አስራ አምስት ቀን የወይራ ጭስ ጠጡ። ሙሉ በሙሉ አይመሳሰልም፣ እንዲመሳሰል መፈለግም የለብንም፣ ከሩቅ አይን አይያዝ ከቅርብ ግን ይታወቅ። ከስሩ በእርሳስ አመተ ምህረቱን ጻፍኩበት።

ስንጥቅን በተመለከተ፣ በክረምት ጠቦ በበጋ የሚሰፋ ከሆነ ስቱኮ አትሙሉበት። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል ሲደርቅ ይጠባል፣ እናንተ በበጋ ከሞላችሁት በክረምት መሄጃ አጥቶ ሌላ ቦታ ይሰነጥቃል። ትንንሽ የነቀዝ ቀዳዳ ብቻ ሰም ከከሰል ዱቄት ጋር ለውሳችሁ በጣት ሙሉ።

ቅባቱ

ቫርኒሽ የለም። የተልባ ዘይትና የንብ ሰም ነው። ሰሙን ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ለምናችሁ ማግኘት ትችላላችሁ፣ ውሀ ውስጥ አፍልታችሁ በጨርቅ አጥሉት፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ላዩ ላይ ይረጋል። 100 ግራም ሰም ለ300 ሚሊ ዘይት፣ ድስት በድስት ውስጥ፣ ቀጥታ እሳት ላይ በፍጹም። ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል። (እውነተኛውን ቅቤ አትቀቡት፣ ይገማል አይጥም ይጠራል። የምግብ ዘይትም አይደርቅም፣ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል።)

በጨርቅ በጣም በስሱ ቀቡ፣ ግማሽ ሰአት ጠብቁና የተረፈውን በሙሉ ጥረጉ፣ ይሄን መጥረግ የሚረሳ ሰው ነው ለወር የሚያጣብቅ ዕቃ የሚያተርፈው። የተልባ ዘይት ለመድረቅ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል፣ በደሴ ክረምትና ጉም አትሞክሩት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ጥሩ ነው። ሁለት እጅ፣ ቢበዛ ሶስት። የሳጥኑን ውስጥ አትቀቡ፣ ልብስ ያበላሻል ሽታም ይይዛል።

ይሄን ግን እባካችሁ አንብቡት፣ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይነዳል። ደጅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይ ውሀ ውስጥ ንከሩት።

ጠፍር አልጋ ላላቸው

ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ባጭሩ። ጠፍሩ ከላላ ግን ካልተበጠሰ መቀየር አያስፈልግም፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሲለሰልስ ጎትታችሁ እሰሩት፣ ሲደርቅ ራሱ ይኮማተራል። በእርጥቡ እጅግ አታጥብቁት፣ ሲደርቅ የአልጋውን ጎን ያጣምመዋል፣ ጉልበቱ ቀላል አይደለም። ጸሀይ ላይም አታድርቁት፣ ጥላ ስር ይሁን።

የት ታስቀምጡታላችሁ

ላስታ ያለው የይምርሀነ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ ተደራርቦ የተሰራ ነው፣ ከ800 አመት በላይ ሆኖታል፣ እንጨቱ አሁንም አለ፣ ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አያገኘውማ። ለእኛም ያው ነው፣ ከግድግዳ አንድ ጣት ራቅ፣ ከወለል ከፍ፣ ከመስኮት ጸሀይ ዘወር።

ሌላው ደሞ ከቦታ ቦታ ሲሄድ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ቀዝቃዛና እርጥብ፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች ናት፣ ባቲ ከዛም ዝቅ ብላ ትሞቃለች። የደጋ ሳጥን ድንገት ቆላ አውርዳችሁ ሳሎን ውስጥ ብታቆሙት በወሩ "ቷ" ሲል ትሰማላችሁ። እህቴ ሳጥኑን ኮምቦልቻ እወስዳለሁ ብላ ነበር፣ እሺ አልኳት ግን በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ፣ ከቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል አስቀምጠሽ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየገለጥሽ አልኳት። "ለአራስ እንኳ እንዲህ አይደረግም" አለችኝ፣ ግን አደረገች፣ እስካሁን አልተሰነጠቀም።